ለእናቴ ወገብ «ክር እንቅበርላት» አሉን፤ ምን ልጠይቃቸው?

የቱሉ ዲምቱዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። እማዬ 61 ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት፣ ሜትፎርሚን ትወስዳለች፣ በየቀኑ አስፕሪንም ታዞላታል። ወገቧን ካመማት ቆይቷል። አሁን ሕመሙ በቀኝ መቀመጫዋ በኩል እስከ ባቷ ይወርዳል። ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ የተከፈተ የቻይና ሕክምና ቦታ ወሰድኳት፤ አኩፓንክቸር (በቀጭን መርፌ መውጋት) ብቻ መስሎኝ ነበር። እነሱ ግን ወገቧና እግሯ ላይ የሚሟሟ ክር በመርፌ እንቅበር፣ ዋግምትና የቅጠል ጭስ (ቆዳ አጠገብ የሚነድ ቅጠል) እንጨምርበት፣ የሚጠጣ ዱቄትም አለ አሉን። ሁሉም በጥቅል ነው፤ ክፍያውም በቅድሚያ። እማዬ ደግሞ «ክሩ የአሳማ ከሆነ ሞቼ ነው!» ብላለች። የምታውቁ እባካችሁ።

ሲስተር፦
እማማን አረጋጊያቸው። በድሮው አሠራር ክሩ ካትጋት ነው፤ የሚሠራው ከበግ ወይም ከከብት አንጀት ነው፣ ኦፕሬሽን ክፍል የሠራን ሁሉ እናውቀዋለን። አሁን ፒጂኤልኤ ወይም ፒዲኦ የሚባል ሰው ሠራሽ ክርም በብዛት ይጠቀማሉ። የቱ እንደሆነ እሽጉ ላይ ስለተጻፈ አሳዩኝ በያቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ክር ቀዳዳ ባለው መርፌ ውስጥ ይገባል፣ መርፌው አኩፓንክቸር በሚሠራበት ነጥብ ላይ ይወጋል፣ ክሩ ጡንቻ ውስጥ ይገፋና መርፌው ባዶውን ይወጣል። ተራ አኩፓንክቸር ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ይነቀላል፤ ክሩ ግን እስኪሟሟ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት፣ ቦታውን እየነካካ ይቆያል ነው ሐሳባቸው። ቀላል መቅላትና መጠጠር ይጠበቃል። እኔን የሚያስፈራኝ ኢንፌክሽን ነው፤ የገባ ክር እንደ መርፌ ተነቅሎ አይጣልም። ስለዚህ የሦስት ወር አማካይ ስኳሯን (ኤችቢኤዋንሲ የሚባለውን የደም ምርመራ) አስለኪ፤ ከፍ ካለ ክሩ ይቅር። ጓንት፣ አዲስ መርፌ፣ ዓይንሽ እያየ የተከፈተ እሽግ፤ ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ተነሥታችሁ ውጡ።

ዱከም ፋብሪካ፦
እኔ ተሠርቶልኛል። ቻይናዊ አለቃዬ ነው የወሰደኝ። ሲገባ ያን ያህል አያምም፤ ማታ ነው የሚከብደው፣ ጎንህን ስትገለብጥ የሆነ ጠጠር ነገር ይሰማሃል። ቀስ እያለ ወገቤ ቀለል አለኝ። ግን በዚያው ሰሞን ጭነት ማንሳት ትቼ ነበር፤ የቱ እንደረዳኝ እግዜር ይወቀው። ዋግምቱን ክር ካለበት ራቅ አድርጎ ነበር የሚሠራው። ቦታውንም በመጀመሪያው ቀን ውኃ አታስነካው፣ አትሽ ብሎኛል።

የአያቴ ልጅ፦
ለዋግምት ደግሞ ለቻይና ይከፈላል እንዴ? አያቴ በቀንድ ነበር የምትስበው፣ ያውም ለቡና ቁርስ! የጭሱ ቅጠልም ቢሆን የጭቁኝ ዘመድ ነው፣ እኛ ጓሮ ሞልቶ።

ሲስተር፦
አያትህ ምላጭም ይጠቀሙ ነበር፣ ችግሩ እሱ ላይ ነው። አስፕሪን የምትወስድ ሴት ቆዳዋ ተበጥቶ ደም አይሳብም፤ ደረቁ ይበቃል። ጭሱን በተመለከተ፣ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል፣ ሲቃጠል እንኳ ላይሰማው ይችላል። ከጉልበቷ በታች እሳት አይቅረባት።

ፊዚዮ፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ጠይቂያት። እግሯ እየሰነፈ፣ የብልቷ አካባቢ እየደነዘዘ ወይም ሽንቷ እያስቸገራት ከሆነ ክሩንም ዋግምቱንም ተዪና ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። ይህ የሚጠብቅ ነገር አይደለም።

ከሌለ ግን በመጀመሪያ ሐኪም ይያትና ነርቭ ተጭኖ እንደሆነ ይታወቅ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ አኩፓንክቸርን ከአማራጮቹ አንዱ አድርጎታል፣ ግን የተለየ መንስኤ ላልተገኘለት ሕመም ነው። የክሩ ጥናቶች አብዛኞቹ ከቻይና የወጡ ናቸው፤ ብዙዎቹ ትንንሽና ጥራታቸው የሚያጠያይቅ ነው። ደግሞ ክር፣ ዋግምት፣ ጭስና ዱቄት በአንድ ቀን ተጀምረው ብትሻል በየቱ ነው? ብትታመምስ? አንድ በአንድ ይጀመር። እኔ ብሆን በተራ መርፌና በእንቅስቃሴ እጀምራለሁ። ጥሩነሽ ቤጂንግ ቅርባችሁ ነው፤ የቻይና ሐኪሞች ቡድን ስለሚሠራበት አኩፓንክቸር እንዳለ እዚያ ጠይቂ።

የቱሉ ዲምቱዋ፦
ሽንትም ድንዛዜም የለም፣ ተመስገን። ስለ ዱቄቱ ማንም አልነገረኝም እኮ? ስም የለውም፣ በፌስታል ነው የታሰረው።

ፋርማሲስቱ፦
አትስጫት። በእንዲህ ዓይነት ስም አልባ ዱቄት ውስጥ የሕመም ማስታገሻና ስቴሮይድ ተደባልቆ የተገኘበት ጊዜ አለ። ስቴሮይድ ስኳሯን ሽቅብ ይሰቅለዋል፤ ማስታገሻው ከአስፕሪኑ ጋር ጨጓራዋን ያደማል። አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል መርዝ ያለባቸው የቻይና ቅጠሎችም ኩላሊት አበላሽተዋል፣ ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ደግሞ ኩላሊቱ ጤነኛ መሆን አለበት። አስፕሪኑንም «ለክሩ ሲባል አቁሚ» ቢሏት ያዘዘላት ሐኪም ሳያውቅ እንዳታቆም።

ፈቃዳቸው ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት፣ ምን ምን እንዲሠሩ እንደተፈቀደላቸውም አንብቢ። እንጂ «ቻይና ነው የተማረው» ፈቃድ አይደለም። ቦታው በአዲስ አበባ ሥር ከሆነ የከተማው ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያረጋግጥልሻል፤ ወደ ገላን ካለፈ ግን ሸገር ከተማ ነው፣ እዚያ ጠይቂ። እስከዚያ ቅድሚያ ክፍያ የሚባል ነገር አይታሰብ።