ሦስት ቅዳሜ ስለ ቬትናም ፊልሞች፦ ሐሳቡን አብረን እንጨርስ

አስተባባሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለኮሚቴው የምናስገባው ረቂቅ ይኸው። የውትድርና ሥልጠናና የቬትናም ጦርነት በፊልም፤ ሦስት ቅዳሜ፣ ሦስት ፊልም (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። መጀመሪያ «ፉል ሜታል ጃኬት»፣ 1987። ቀጥሎ «ፕላቱን»፣ 1986። ከዚያ «የሐኖይዋ ትንሽ ልጅ»፣ 1974። ሰዓት እንዳይሄድብን ከመጀመሪያው ፊልም ሥልጠናውን ብቻ ብናሳይስ?

አንድ አባል፦ እህቴ፣ በዚህ አልስማማም። ሥልጠናው ብቻውን ከታየ ሰው ይዞ የሚወጣው የአሰልጣኙን ስድብ ነው። የዶናቱን ትዕይንት አስታውሱ እስቲ። ከአንዱ ምልምል ሳጥን ዶናት ይገኛል። እሱ ቆሞ እየበላ፣ ጓዶቹ በሱ ጥፋት ፑሽ አፕ ይሠራሉ። በኋላ ሌሊት ሳሙና በፎጣ ጠቅልለው ይደበድቡታል። እኔ እሱን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ይህ ሥልጠና ምን ዓይነት ሰው እንዳወጣ የሚታየው ግን ቬትናም ሄደው ሁዌ ከተማ ከገቡ በኋላ ነው። ሙሉው ይታይ።

አስተባባሪዋ፦ እሺ፣ ሙሉው ይሁን። ጋሼ፣ እርስዎ ማሰልጠኛ ገብተው ያውቃሉ። ምን ይላሉ?

ጋሼ፦ ልጆቼ፣ ያ የአሰልጣኙ ድምፅ የትወና ብቻ አይደለም። አሰልጣኙን ሆኖ የሚጫወተው ሊ ኧርሚ የእውነት የማሪን፣ ማለትም የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር፣ አሰልጣኝ ነበር። ለአማካሪነት መጥቶ ነው ሚናውን የወሰደው። መግቢያው ወረቀት ላይ ግን የ1956ቱን አደጋ ጻፉልኝ። በዚያው ፊልሙ በሚያሳየው የማሪን ማሰልጠኛ፣ ፓሪስ አይላንድ፣ አንድ አሰልጣኝ ምልምሎቹን በሌሊት ወንዝ ውስጥ አስገባ። ስድስቱ ሰጥመው ሞቱ። አሰልጣኙም ጦር ፍርድ ቤት ቀረበ። ጭካኔን ጉብዝና አድርጎ የሚያይ ወጣት ይህን ሳያውቅ መውጣት የለበትም።

ሌላ አባል፦ የኔ ጥያቄ ቬትናሞቹ የት አሉ ነው። የ«ፉል ሜታል ጃኬት» ዳይሬክተር የኩብሪክ ሁዌ እኮ ለንደን ያለ አሮጌ የጋዝ ፋብሪካ ነው። ዘንባባው እንኳ የመጣው ከስፔን ነው። የ«ፕላቱን»ን ዳይሬክተር ኦሊቨር ስቶንን አከብረዋለሁ፤ ራሱ ቬትናም ተዋግቷል። ተዋናዮቹንም ፊሊፒንስ ጫካ አስገብቶ አሠልጥኗቸዋል። ግን እሱም ቢሆን ታሪኩን የሚነግረን ከአሜሪካኖቹ ወገን ነው። የሐኖይዋ ልጅ ግን ራሷ ቬትናማዊት፣ በ1972ቱ የአሜሪካ የቦምብ ድብደባ ቤተሰቧን አጥታ የምትፈልግ ናት። መጨረሻ ላይ፣ ሰው ደክሞት፣ ለምን ትመጣለች? ሁለተኛ ትሁን።

አስተባባሪዋ፦ ልክ ነህ፣ ቀይሬዋለሁ። «ፕላቱን» ሦስተኛ ሆኗል። የጋሼን ማስታወሻ መግቢያው ላይ አስገባለሁ። ለሐኖይዋ ፊልም ከሥር የሚነበብ የአማርኛ ትርጉም የሚሠራልን ማነው? እስከ ሐሙስ አሳውቁኝ።