ጊንዛ ውስጥ ጋለሪ ልከራይ ወይስ ልጠብቅ? እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ቶኪዮ የምኖር ሰዓሊ ነኝ፤ ማታ ምግብ ቤት እየሠራሁ ቀን እስላለሁ። እረፍት ባገኘሁ ቁጥር ጊንዛ ወደሚባለው የከተማው ሰፈር እሄዳለሁ። እዚያ በ1932 የተሠራው ኦኩኖ ሕንጻ በትንንሽ ጋለሪዎች የተሞላ ነው፤ የአሳንሰሩ በር ዛሬም በእጅ ነው የሚከፈተው። መግቢያው ላይ ባለው የእንግዶች መዝገብ ስሜን በአማርኛ እጽፍና ሥራዎቹን ቀስ ብዬ አያለሁ።

ችግሬ ይኸውላችሁ። እዚያ አካባቢ ካሉት ጋለሪዎች ብዙዎቹ የኪራይ ናቸው፤ ሰዓሊው የሳምንቱን ከኪሱ ከፍሎ ያሳያል፣ አንድም ሥዕል ባይሸጥ ገንዘቡ አይመለስም። ሌሎቹ ሰዓሊውን ራሳቸው መርጠው ያዘጋጁና ሲሸጥ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። እነሱ ዘንድ ሳይጠሩ ሥዕል ይዞ መሄድ ነውር ነው ይሉኛል። ኪራዩ ደግሞ የወራት ቁጠባዬን ጠራርጎ ይወስደዋል። በዚህ ላይ የሰኔው ዝናብ ገባ፤ የዘይት ቀለሙ አልደርቅ ብሎ የሸራው ጀርባ ሻጋታ እያወጣ ነው።

እዚህ አገር ያሳያችሁ ካላችሁ፦ ተከራይታችሁ ገዢ አገኛችሁ ወይስ የመጡት ወዳጆቻችሁ ብቻ ናቸው? ጃፓንኛዬ ከሰላምታና ከገበያ ስለማያልፍ የሥራዎቼን ፎቶ በፖስታ ልላክ ወይስ በመክፈቻ ቀን እየተገኘሁ ባለቤቶቹን ልተዋወቅ? በጠባብ ክፍል ሸራ ከሻጋታ ያተረፋችሁም ንገሩኝ። ለአንዱ ጋለሪ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ መስጠት አለብኝ።