ዳታቤዙ ራሱ ውጭ ይደውል ወይስ አይደውል?

የጣና ልጅ፦ ሰላም ጎጃሞች። ቢሮ ውስጥ ሊያጣላን የደረሰ ጉዳይ ይዤ መጣሁ። የእህል መጋዘን ሲስተም አለን፣ ኦራክል ዳታቤዝ ላይ ነው። ገበሬው በቆሎውን አስመዝኖ ሲያስረክብ ወዲያው ኤስኤምኤስ እንዲደርሰው ተፈለገ። አለቃዬ «ትሪገር ጻፍና በዩቲኤል ኤችቲቲፒ የኤስኤምኤሱን ዌብ ሰርቪስ ጥራው፣ በቃ» ይላል። ትሪገር ረድፍ ሲመዘገብ ዳታቤዙ ራሱ የሚያስነሳው ኮድ ነው፣ ዩቲኤል ኤችቲቲፒ ደግሞ ከዳታቤዙ ውስጥ ሆኖ ወደ ውጭ ሰርቨር መደወያ የኦራክል ፓኬጅ። እኔን ደስ አላለኝም፣ ግን ለምን እንደሆነ ማስረዳት አቃተኝ።

ቡሬ፦ አለቃህ ልክ ነው። ኦራክል ፓኬጁን የሠራው እኮ እንድንጠቀምበት ነው። ለአንዲት ኤስኤምኤስ ብለህ ሌላ ሰርቨር፣ ሌላ ፕሮግራም፣ እሱን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ልታመጣ ነው? እኛ ጋ ሲስተሙ ተገዝቶ የመጣ ነው፣ ኮዱ በእጃችን የለም። የምንነካው ዳታቤዙን ብቻ ነው። አይቲውም አንድ ሰው ነው፣ እሱም እኔ ነኝ።

የማርቆሷ፦ ወይ ጉድ፣ እኔ በዚህ ተቃጥያለሁ። ሚዛኑ ላይ ያለችው ልጅ «መዝግብ»ን ስትጫን ስክሪኑ ድርቅ ይላል። የኤስኤምኤሱ ሰርቨር ዘግይቶ ነው። ዩቲኤል ኤችቲቲፒ ደግሞ ካልነገርከው በቀር 60 ሰከንድ ይጠብቃል። እሱ ሲጠብቅ ትራንዛክሽኑ (አብሮ የሚጸድቅ ወይም አብሮ የሚሰረዝ የምዝገባ ጥቅል) አልተዘጋም፣ የመጋዘኑ ቀሪ ያለበት ረድፍ እንደተቆለፈ ነው፣ ስለዚህ ሁለተኛው ሚዛንም ሦስተኛውም ከኋላው ተሰለፉ። ውጭ አይሱዙ ተደርድሯል፣ ሹፌሩ ይጮኻል፣ እኔ ኔትዎርኩን እረግማለሁ።

ቡሬ፦ ታይምአውቱን፣ የመጠበቂያ ጊዜውን፣ 3 ሰከንድ አድርጊዋ!

የማርቆሷ፦ አደረግኩታ። እሱ ቀላሉ ነው። በማግስቱ አንድ አባት ስልካቸውን ይዘው መጡ፣ «12 ኩንታል ተረክበናል» ይላል መልእክቱ። ዳታቤዙ ውስጥ ግን ምንም የለም። ትሪገሩ ኤስኤምኤሱን ከላከ በኋላ ቀጥሎ ያለው የሂሳብ ምዝገባ ስህተት አወጣና ሁሉም ሮልባክ ሆነ፣ ማለትም ተሰረዘ። ዳታቤዝ የራሱን ይመልሳል፣ ሰው ስልክ ውስጥ የገባውን ማን ይመልሰው? በል አንተ ለእኚያ ሽማግሌ ሮልባክ ምን እንደሆነ አስረዳ።

ጮቄ፦ ሌላም አለ። ኦራክል አንዳንዴ አፕዴቱን (ረድፍ የሚቀይረውን ትእዛዝ) ራሱ ውስጥ ለውስጥ እንደገና ይጀምረዋል፣ ያኔ ትሪገሩ ለአንድ ረድፍ ሁለቴ ሊነሳ ይችላል። ሁለት ኤስኤምኤስ ማለት ነው። መፍትሔው አዲስ አይደለም፦ ትሪገሩ አንድ ቴብል ላይ «ለእገሌ ይህ ይላክ» ብሎ ይጻፍ፣ ሌላ ምንም አይንካ። ትራንዛክሽኑ ሮልባክ ከሆነ ያ ረድፍም አብሮ ይጠፋል። ኮሚት ከሆነ፣ ማለትም ከጸደቀ፣ ሌላ ሥራ መጥቶ ያነበዋል፣ ይልካል፣ «ተልኳል» ብሎ ምልክት ያደርጋል። ልኮ ምልክት ሳያደርግ ቢወድቅ ግን ሁለቴ ይሄዳል፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ መልእክት መለያ ቁጥር ስጡትና የኤስኤምኤሱ ሰዎች ድግግሞሽ ይጥሉ እንደሆነ ጠይቁ።

ቡሬ፦ ያንን «ሌላ ሥራ» ማን ያስኬደዋል? ያው ሰርቨር ግዛ ልትለኝ ነው!

ጮቄ፦ ኧረ አታካብድ። የኦራክሉ ስኬጁለር (ሥራ በሰዓቱ የሚያስነሳው) በየ10 ሰከንዱ ይጥራው። የሚደውለው ያው ዩቲኤል ኤችቲቲፒ ነው፣ ዳታቤዙ ውስጥ። ፖስትግሬስ በሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ላይ ያለው መደወያ፣ ፒጂኔትም፣ ጥያቄውን የሚልከው ከኮሚት በኋላ ነው። ነገሩ ዳታቤዝ ይደውል አይደውል ሳይሆን፣ የሰው ረድፍ ቆልፎ ይዞ ይደውል ወይ ነው።

ጋሽ ዲቢኤ፦ እኔ እሱንም አልፈቅድም። ከ11ጂ ስሪት ጀምሮ ኦራክል ወደ ውጭ ለመውጣት ኤሲኤል (ማን ወዴት መደወል እንደሚችል የሚወስን የፈቃድ ዝርዝር) የሚጠይቀው በከንቱ አይደለም። ሰዉ «ፈቃድ የለህም» የሚለውን ስህተት ኦራ 24247ን ሲያይ ይናደድና ለሁሉም ተጠቃሚ፣ ለሁሉም አድራሻ ይከፍተዋል። ከዚያ አንድ ክፉ ሰው በኤስኪውኤል ኢንጀክሽን (መሙያ ቦታ ላይ የዳታቤዝ ትእዛዝ አስርጎ) ከገባ የገበሬውን ስምና ስልክ የሚያወጣበት በር አዘጋጅታችሁ ጠበቃችሁት። የኤስኤምኤሱ ሰርቨር ሰርተፍኬት ሲቀየር ደግሞ ኦራክል ሰርተፍኬት የሚያስቀምጥበትን ዋሌት የሚያስታውስ የለም፣ አንድ ቀን ሁሉም ነገር ዝም ይላል።

ቡሬ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት የአከፋፈት ችግር ነው። ለአንድ ተጠቃሚ፣ ለአንድ አድራሻ፣ ለአንድ ፖርት ይከፈታ። ማይክሮሶፍት እንኳ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2025 ላይ ከውስጥ ዌብ ሰርቪስ መጥሪያ አስገብቷል።

ጋሽ ዲቢኤ፦ አስገብቷል፣ ግን ሲጫን ዝግ ነው። ለምን እንደዘጋው አስብበት እንጂ ልጄ።

የጣና ልጅ፦ ተመልሼ መጣሁ። የጮቄን ቴብል ለአለቃዬ አሳየሁት። «ስንት ይዘገያል?» አለ። ቢበዛ 10 ሰከንድ አልኩት። «ገበሬው ባዶ ጆንያውን አጣጥፎ ሳይጨርስ ይደርሰዋላ» ብሎ ፈቀደ። ኤሲኤሉንም ለአንድ አድራሻ ብቻ እከፍታለሁ፣ ጋሼ።

ቡሬ፦ ያው የደወለው ዳታቤዙ ነው ግን። ይመዝገብልኝ።

የማርቆሷ፦ ኮሚት አድርገንልሃል።