ባርቴንደር ለመሆን «2 ዓመት ልምድ» ከየት ላምጣ?

ማኪያቶ_ብቻ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 24 ዓመቴ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ባሬስታ ሆኜ ሠርቻለሁ። የቡና ማሽን ላይ ማለቴ ነው፣ ባር ላይ አይደለም። ባለፈው ክረምት ከደመወዜ ቆጥቤ የሦስት ወር የባርቴንደር ስልጠና ወሰድኩ፣ ሰርተፍኬቱም አለኝ። ግን የሚወጣው ማስታወቂያ ሁሉ «2 ዓመትና ከዚያ በላይ ልምድ ያላት፣ ተያዥ ማቅረብ የምትችል» ነው የሚለው። ልምድ የሌለው ሰው የሚቀጥር ከሌለ ልምዱ ከየት ይመጣል? ሰባት ቦታ ሲቪ አስገብቼ አንዱ ብቻ ደወለልኝ፣ ስሄድ ደግሞ «አስተናጋጅ ነው የምንፈልገው» አለኝ። አንድ ጓደኛዬ የምታውቀው ባር አለ፣ እዚያ እንደሠራሽ አድርጌ የልምድ ወረቀት ላጽፍልሽ ትላለች። ላድርገው እንዴ? ሥራው ላይ ያላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ሞራል አትስጡኝ፣ ሞራል ጠግቤያለሁ።

አሮጌው_ባርማን፦
እህቴ ወረቀቱን ተዪው። ልሰብክሽ አይደለም። የመጀመሪያው ቅዳሜ ማታ ያጋልጥሻል ብዬ ነው። አራት ሰዓት ላይ አስተናጋጇ መጥታ «አምስት ጃምቦ፣ ሁለት ጂን በቶኒክ፣ አንድ ጉደር በኮካ፣ ሦስት ቢራ አንዱ ያልቀዘቀዘ» ብላ በአንድ ትንፋሽ ትነግርሽና ፊቷን ታዞራለች። ሁለት ዓመት ባንኮኒ ኋላ የቆመ ሰው ድራፍቱን ቀድቶ አረፋው እስኪወርድ በሌላው እጁ ጂኑን ይዟል። አዲስ ሰው ግን ብርጭቆውን ይዞ አረፋ ሲያይ ይቆማል። ማናጀሩ ይህን ለማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ባለቤት የሚፈራው ኮክቴል አለማወቅሽን አይደለም። ጠርሙሱን ነው የሚፈራው። 750 ሚሊ ጠርሙስ በ30 ሚሊ መለኪያ 25 ይወጣዋል። በየመለኪያው 3 ሚሊ ብቻ ብታስበልጪ፣ ለዓይን እንኳን አይታይም፣ 22 ቀድተሽ 23ኛው አይሞላልሽም። ጠዋት ቆጠራ ሲደረግ ጉድለቱ ባንቺ ስም ይጻፋል። ተያዥ የሚጠይቁትም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ኢንተርቪው ላይ ስለ ሞሂቶ ከማውራት «ካፌ ውስጥ ወተትና ቡና ቆጥሬ ተረክቤ ቆጥሬ አስረክብ ነበር፣ በሁለት ዓመት ይህን ያህል ጉድለት ነበረብኝ» በይ። ተረክበሽ አስረክበሻል አይደል? እሱ ነው ልምድሽ። ሲቪሽ ላይ ከሰርተፍኬቱ በላይ ጻፊው። ሰርተፍኬትማ ሁሉም ይዞ ነው የሚመጣው።

ማሂ_ካዛንቺስ፦
አሮጌው ልክ ነው ግን ወንድ ስለሆነ የረሳው ነገር አለ 😊 የሥራ ሰዓቱን ስትጠይቂ ማታ ወደ ቤት የሚያደርስ ሰርቪስ አለ ወይ ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ተዘግቶ ለራይድ ከኪስሽ የምትከፍይ ከሆነ ደመወዙ የት እንደሚገባ አይታወቅም። «ከደንበኛ ጋር ትንሽ ቁጭ እያልሽ» የሚል ቃል ከሰማሽ ደግሞ ቦርሳሽን አንሺና ውጪ፤ ያ የባርቴንደር ሥራ አይደለም።

ሌላው ጊዜው ነው። ሁዳዴ ላይ ሲቪ ይዘሽ አትዙሪ። 55 ቀን ሙሉ ብዙው ባር ጭር ይላል፣ ያለውን ሠራተኛም «ዕረፍት ውጡ» የሚሉ አሉ። ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግን ሄደው የቀሩትን የሚተኩበት ጊዜ ነው። በስልክ አይሆንም፣ በአካል ሂጂ፣ ከቀኑ ዘጠኝና አሥር ሰዓት መሃል፣ ገበያው ሳይጀምር። ዓርብ ማታ ማናጀር አነጋግራለሁ ብለሽ ብትሄጂ ማንም ዞር ብሎ አያይሽም።

እኔ የገባሁት በሰርግ ነው። ጥር ላይ የሰርግ ባር የሚይዙ ካተሪንጎች የቀን ሠራተኛ ይፈልጋሉ፣ ልምድም ያን ያህል አይጠይቁም። በአንድ ቅዳሜ ለ400 ሰው ስትቀጂ ስልጠናው በሦስት ወር ያላስተማረሽን ታያለሽ። አራተኛው ሰርግ ላይ የአዳራሹ ኃላፊ ስልኬን ተቀበለኝ።

ቺርስ_ሳሪስ፦
እኔ ዋሽቼ ነው የገባሁት 😂 11 ቀን ቆየሁ። ቤቱን አልናገርም። አንድ ደንበኛ ኔግሮኒ አዘዘኝ፣ እኔ በኩራት ሼከር ውስጥ ከትቼ እንደ ጉድ መታሁት። ሰውዬው ብርጭቆውን ብርሃን ላይ አንስቶ አየና «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። ደፍርሶ አረፋ አውጥቷል። ጁስ፣ ወተት ወይም እንቁላል ያለበት ነው ሼክ የሚደረገው። አልኮል ብቻ የሆነው በረዶ ላይ በማንኪያ ይማሰላል። ኔግሮኒ ደግሞ ጂን፣ ካምፓሪና ቀይ ቬርሙት እኩል እኩል፣ 30 በ30 በ30 ነው፣ ከዚህ የቀለለ የለም እኮ። አሥሯን መጠጥ በደንብ እወቂ፣ መቶውን ተዪው።

በዚያ ላይ ሲያሰናብቱኝ ለተሰበረ ጠርሙስ ብለው ግማሽ ደመወዜን ቆረጡት። ምንም አልፈረምኩም ነበር። ኋላ ነው ያወቅኩት፣ በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ከደመወዝ የሚቆረጠው ቢበዛ የወሩ አንድ ሦስተኛ ነው። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። «ለሙከራ ነው» እያሉ ስድስት ወር የሚያቆዩ አሉና ልብ በይ። የምትፈርሚውንም አንብቢ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
እዚህ አሜሪካም ያው ነው እህቴ። ባርባክ፣ ማለትም የባር ረዳት፣ ሆኜ ዘጠኝ ወር በረዶ ተሸክሜ ብርጭቆ አጥቤያለሁ። አንድ ቀን ባርቴንደሩ ቀረ፣ ማናጀሩ ዞር ሲል ያለሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። የባር ረዳት የሚባል ቦታ ካገኘሽ አትናቂው።

ማኪያቶ_ብቻ፦
ወይኔ እግዜር ይስጣችሁ። ወረቀቱን ትቼዋለሁ፣ ጓደኛዬ ትንሽ ተቀይማለች። አሮጌው ባርማን፣ ቆጥሬ ማስረከቡን እንደዛ አስቤው አላውቅም ነበር፤ በየቀኑ የምረግመው ሥራ ነበር እኮ። አንድ ጥያቄ ግን፣ ባር ሳይኖረኝ እጄን እንዴት ነው የማለማምደው?

አሮጌው_ባርማን፦
ባዶ ጠርሙስና መለኪያ ግዢ፣ ውሃ ሙይበት። 25 እስኪወጣልሽ ቅጂ። እያወራሽ ቅጂ፣ ሬድዮ ከፍተሽ ቅጂ። ዝም ብሎ ማንም ይቀዳል።

ማኪያቶ_ብቻ፦
ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ቀን 21 ላይ አለቀ፣ የቀረው ምንጣፉ ላይ ነው፣ እናቴ ጮኸችብኝ። ዛሬ 24 ደርሻለሁ፣ ያውም ታናሽ እህቴ አጠገቤ ቆማ ሆን ብላ እየለፈለፈች። ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት ቦታ እሄዳለሁ።