የራሽናል ፈንክሽን ግራፍ በእጅ ሲሳል ከየት ይጀመራል?

ጠያቂ (ቱሉ ዲምቱ)፦
ጤና ይስጥልኝ። 11ኛ ክፍል የምትማር እህቴን ሒሳብ አስጠናለሁ። የቤት ሥራዋ ዋይ = (ኤክስ + 1) ÷ (ኤክስ − 2) የሚለውን ፈንክሽን በግራፍ ማሳየት ነበር። እርሷም ለኤክስ ጥቂት ቁጥሮችን መርጣ ሠንጠረዥ ሠራች፤ ነጥቦቹን በየቦታቸው ካስቀመጠች በኋላ ከግራ ወደ ቀኝ ሁሉንም በአንድ መስመር አገናኘቻቸው። መምህሯ ሠንጠረዡን ልክ ብለው ግራፉን ግን ሰረዙት። (1፣ −2) እና (3፣ 4) ትክክለኛ ነጥቦች ከሆኑ እነርሱን የሚያገናኘው መስመር ለምን ስሕተት ይሆናል? ስልክ በማይገባበት ፈተና ላይስ ከየት መጀመር አለባት?

የሒሳብ መምህር (ሰበታ)፦
ወንድሜ፣ ነጥቦቹ ትክክል ናቸው፤ ችግሩ ያለው በመካከላቸው ነው። ኤክስ 2 ሲሆን ታህቱ ዜሮ ይሆናል፤ በዜሮ ማካፈል ስለማይቻል በዚያ ቦታ ግራፉ ምንም ነጥብ የለውም። እህትዎ በሠንጠረዡ ላይ 1.5ን እና 1.9ን ብትጨምር ዋይ −5 ከዚያም −29 ይሆንባታል፤ በ2.5 እና በ2.1 ደግሞ 7 እና 31 ታገኛለች። በግራ ያለው ክፍል ወደ ታች፣ በቀኝ ያለው ወደ ላይ እየሸሸ ስለሚሄድ ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም።

ስለዚህ ከሠንጠረዡ በፊት ፈንክሽኑ ራሱ ይመርመር። ላዕሉ ኤክስ + 1 ማለት (ኤክስ − 2) + 3 በመሆኑ ፈንክሽኑ ዋይ = 1 + 3 ÷ (ኤክስ − 2) ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ከዚህ አጻጻፍ ሁለቱም አሲምፕቶቶች፣ ማለትም ግራፉ እየራቀ ሲሄድ የሚጠጋቸው ቀጥተኛ መስመሮች፣ ወዲያው ይታያሉ፦ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ኤክስ = 2፣ አግድሙ ደግሞ ዋይ = 1 ነው። እነዚህን በተቆራረጠ መስመር ታስምራቸው፤ ግራፉ አክሲሶቹን የሚያቋርጥባቸውን (−1፣ 0) እና (0፣ −0.5) ታስቀምጥ፤ ከዚያ በኋላ በየወገኑ ሁለት ሦስት ነጥብ ይበቃታል። ሠንጠረዥን አስቀድመን ስለምናስተምር ብዙ ተማሪ ግራፍ መሳል ነጥብ ማገናኘት ብቻ ይመስለዋል፤ ይህ መታረም ያለበት የእኛ የመምህራን ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ።

የምህንድስና ተማሪ (ኮዬ ፈጬ)፦
የመምህርን መልስ ተከትዬ ጊዜ የሚቆጥብ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ግራፍ ሁለቱ አሲምፕቶቶች በሚገናኙበት በ(2፣ 1) ዙሪያ የተመጣጠነ ነው። ከዚያ ነጥብ 1 ወደ ቀኝና 3 ወደ ላይ ሲኬድ (3፣ 4) ይገኛል፤ 1 ወደ ግራና 3 ወደ ታች ሲኬድ (1፣ −2)። የቀኙን ወገን ያሰላች ተማሪ የግራውን ያለ ስሌት ታስቀምጣለች ማለት ነው። ጂኦጀብራ የሚባለው ግራፍ የሚስል መተግበሪያ አንድ ጊዜ ስልክ ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ፣ በእጇ ከሳለች በኋላ ለማመሳከር ይጠቅማታል።

አስጠኚ (ሱሉልታ)፦
ሁለት ጥንቃቄዎች አሉኝ። ታህቱ ዜሮ በሆነ ቁጥር ሁሉ አሲምፕቶት አለ ማለት አይደለም፦ (ኤክስ² − 4) ÷ (ኤክስ − 2) ሲቃለል ኤክስ + 2 ስለሚሆን ግራፉ ቀጥተኛ መስመር ነው፤ በ(2፣ 4) ላይ ብቻ ነጥቡ እንደሌለ ለማሳየት ክፍት ክብ ይደረግበታል። ሁለተኛ፣ አግድም አሲምፕቶት አይነካም የሚለው አባባል ለሁሉም ፈንክሽን አይሠራም፤ ኤክስ ÷ (ኤክስ² + 1) አሲምፕቶቱን ዋይ = 0ን በ(0፣ 0) ላይ ያቋርጠዋል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እንደገና ስትስለው ሁለቱ ወገኖች ተለያይተው ወጡላት። ቀጣዩ ጥያቄ (ኤክስ − 2) ÷ (ኤክስ² − 4) ሆኖ 2 እና −2 ላይ ሁለት አሲምፕቶት ልታስምር ስትል አስቆምኳት። ልክ ነኝ?

የሒሳብ መምህር (ሰበታ)፦
ልክ ነዎት። ታህቱ (ኤክስ − 2)(ኤክስ + 2) ስለሆነ ፈንክሽኑ ወደ 1 ÷ (ኤክስ + 2) ይቃለላል። አሲምፕቶቱ በኤክስ = −2 ላይ ብቻ ነው፤ በ(2፣ 0.25) ላይ ክፍት ክብ ታድርግ።