የክረምት ፕሮግራሙ ልጄን መለሰብኝ፤ ምን ላድርግ? (ደሴ)

ጥያቄ፦ እናት ከሰኞ ገበያ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ቢሆኑም የሚነገረውን አብዛኛውን ይረዳል። አልፎ አልፎ የሚጥል በሽታ ስለሚነሳበት መድኃኒት ይወስዳል። ልዩ ፍላጎት ክፍል ባለው ትምህርት ቤት ይማራል፤ ጭንቄ የሚጀምረው ትምህርት ቤቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሲዘጋ ነው። እኔ ሱቅ እውላለሁ፣ አባቱ ሹፌር ነው፣ ቤት ያሉት አማቴ ደግሞ ሮጠው የሚይዙበት ጉልበት የላቸውም።

ዘንድሮ አንድ የግል ትምህርት ቤት በክረምት ሥዕል፣ ስፖርትና ጨዋታ እንደሚያዘጋጅ ሰምቼ አስመዘገብኩት። ሁኔታውን ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ «ችግር የለም» ብለው ገንዘቡን ተቀበሉ። ሳምንት ሳይሞላ ግን «ሌሎቹን እየረበሸ ስለሆነ ይውሰዱልን» ብለው ደወሉ። ስደርስ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ጠረጴዛ ሥር ተኮራምቷል። አዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ እየወረደ ነበር፤ ልጆቹ ደግሞ ከዝናቡ በላይ ለመሰማት ይጮኻሉ። ባለፈውም በር ከፍቶ ወጥቶ የጎርፍ መውረጃው አጠገብ ቆሞ እንደተገኘ ያኔ ነገሩኝ።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ እንዲህ ያለ ልጅ የሚቀበል ቦታ ታውቃላችሁ? ከሌለስ እነዚህኑ ሰዎች በምን ላግባባቸው?

አባት ከፒያሳ

እህቴ፣ አይዞሽ። የእኔም ሴት ልጅ እንዲሁ ናት። ለእነሱ ተብሎ የተዘጋጀ የክረምት መዋያ እዚህ አላጋጠመኝም። አዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ፣ ነህምያም አለ። ነገር ግን ለሁለት ወር ጨዋታ ተብሎ 400 ኪሎ ሜትር አይኬድም። ያገኘሽውን ማስተካከል ይሻልሻል።

አያት ከሐይቅ

ልጄ፣ ለምን ከተማ ውስጥ ታስጨንቂዋለሽ? ወደ ገጠር ዘመድ ላኪው። እኛ ጋ ልጅ ከከብት ጋር ውሎ፣ እሸት በልቶ፣ ማንም ሳይቆጣው ይከርማል።

መምህርት ከኮምቦልቻ

እማማ፣ ሐሳብዎ ከፍቅር ነው፤ ጸጥታው እንደሚበጀውም አልጠራጠርም። ግን ልጁ የጎርፍ መውረጃ አጠገብ ነው የተገኘው። ብዙ የኦቲዝም ልጆች ውኃ ይስባቸዋል፤ ጠፍተው ከሚሄዱት መካከል ሕይወታቸው የሚያልፈው በአብዛኛው በውኃ ነው። ሐይቁ ዳር የሚውል እረኛ ዓይኑ ከብቱ ላይ ነው። አብሮት የሚውል አዋቂ ከሌለ እኔ አልልከውም።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ፤ እኔ የልዩ ፍላጎት መምህርት ነኝ። እንዳልሽው ከሆነ ልጅሽ ረባሽ ሳይሆን የተረበሸ ነው። እኛ ዝናቡን ወደ ጎን ትተን የሚያናግረንን ሰው መስማት እንችላለን። ለብዙዎቹ የኦቲዝም ልጆች ዝናቡ፣ ጩኸቱ፣ የወንበሩ መጎተት ሁሉም በእኩል ኃይል ይመጣባቸዋል። ጠረጴዛ ሥር መግባቱ ራሱን ማዳኑ ነው፤ እንዲያውም ብልህ ልጅ ነው።

ስለዚህ «እባካችሁ ተቀበሉልኝ» ብለሽ አትለምኛቸው። ልመና ሲደርሳቸው የሚያስቡት ስለ ሸክሙ ነው። ይልቅ የሚሠራ ነገር ይዘሽላቸው ሂጂ። መጀመሪያ ጠዋት ብቻ ይዋል፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ተኩል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ከቆርቆሮው ጩኸት ግማሹን ታመልጪዋለሽ። ከዚያ አንድ ጸጥ ያለ ጥግ ጠይቂ፤ ቤተ መጻሕፍቱም ይሁን የዕቃ ክፍሉ፣ ምንጣፍ ከተነጠፈበት ይበቃል። ቦታው የቅጣት ቦታ እንዳይሆን ግን አጥብቀሽ ንገሪያቸው። ሲጨነቅ ራሱ የሚሄድበት እንጂ ሲያጠፋ የሚላክበት ከሆነ ዋጋ የለውም።

ሌላው ትልቁ ነገር ቀጥሎ የሚሆነውን ማወቁ ነው። በስልክሽ የበሩን፣ የአዳራሹን፣ የአስተማሪዋን፣ የመክሰሱን ቦታና በመጨረሻ አንቺ በር ላይ ቆመሽ ፎቶ አንሺ። ፎቶ ቤት አሳትመሽ በየተራቸው ካርቶን ላይ ለጥፊያቸው። አንዱ ሲያበቃ ራሱ እየነቀለ ኪስ ውስጥ ይክተት። የሚያበቃበትን ስለሚያይ «ጠብቅ» ስትሉት ሌላ ልጅ ይሆናል። ቅዳሜ ግቢው ባዶ ሲሆን ካርቶኑን ይዛችሁ አንድ ጊዜ ዙሩት። እኔ ክፍል ውስጥ ብዙ ዘዴ ሞክሬአለሁ፤ እንደዚህች ካርቶን የጠቀመኝ የለም።

በሩን የሚጠብቅ ሰውም ያስፈልጋል። በክረምት በጎ ፈቃድ ከሚሰማሩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንዱን ጠይቁ፣ ወይም አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ የዘመድ ልጅ ይዋልበት። ሥራው አንድ ብቻ ይሁን፦ ከልጁ ዓይኑን አለመንቀል። «ሁላችንም እናየዋለን» ከተባለ ማንም እያየው አይደለም።

በመጨረሻ አንድ ገጽ ጻፊላቸው። ምን እንደሚያስደነግጠው፣ ከመረበሹ በፊት ምን ዓይነት ምልክት እንደሚያሳይ፣ በምን እንደሚረጋጋ፣ የማይበላውን ምግብ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ረጅም ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ነርስ ከደሴ

በዚያ ገጽ ላይ ስለሚጥለው በሽታ የግድ ጻፊ፤ ለሚውልበት ሰውም በቃል አስረጂው። ሲጥለው በጎኑ ያስተኙት፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉለት፣ አጠገቡ ያለውን ስለታም ነገር ያርቁ፣ ሰዓት ይመልከቱ። እጅ እግሩን አፍነው አይያዙት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አይክተቱ። አደራ፣ ክብሪት ለኩሰው አያሽቱት፤ ምንም አይጠቅመውም፣ ይልቁንም ሊያቃጥለው ይችላል። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ሁለተኛ ከተነሳበት ወዲያው ወደ ሆስፒታል። የክረምት እረፍት ሲመጣ የመኝታና የመነሻ ሰዓት ይዛባል፤ እንቅልፍ ማጣትና መድኃኒት መርሳት ደግሞ በሽታውን ይቀሰቅሱታል። ጸበልም ሆነ ዱዓ የቤተሰቡ ነው፤ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ።

ወንድም ከአራዳ

የሕግ ባለሙያ ስለሆንኩ ልጨምር። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 30 አካል ጉዳተኛ ልጆች በትምህርት ቤት የሚዘጋጀውን ጨምሮ በጨዋታ፣ በመዝናኛና በስፖርት ከሌሎች ልጆች እኩል እንዲሳተፉ ይላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ይህን ያልኩት ወረቀት ይዘሽ እንድትጣዪ አይደለም። በክስ የገባ ልጅን ማንም በፍቅር አይዝልሽም። መምህርቷ ያለችውን አስቀድሚ፤ «ገንዘቡን በልተን ልጁን እናባርር» ካሉ ብቻ አንቀጹን አንሺው።

እናት ከሰኞ ገበያ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እማማ፣ ለእርስዎም አመሰግናለሁ፤ ጳጉሜን ላይ እኔው ይዤው እመጣለሁ። ዳይሬክተሯን ዛሬ አነጋገርኳት። ፊቷ መጀመሪያ ላይ አልተፈታም ነበር። ወረቀቱን ስታነብ ግን «ይህን ማን ነገረን?» አለችና ረዳቶቹን ጠርታ አስነበበቻቸው። ጠዋት ጠዋት ለሁለት ሳምንት እንሞክረው ተባብለናል። በሩን የሚጠብቀው የእህቴ ልጅ ነው፤ የትራንስፖርቱን እኔ እችላለሁ። የዕቃ ክፍሉን ግን እንቢ አሉኝ፤ ውስጡ ቀለምና ኬሚካል አለ። እኔም ከዚያ ወዲያ አልገፋሁም። በእሱ ፈንታ የዘበኛው ክፍል ተሰጥቶናል፤ ጣሪያው ኮርኒስ አለው።

አሁን የቀረኝ የጆሮ መሸፈኛ ነው። በልጅ ልክ ከየት ይገኛል? ፋርማሲ ጠይቄ የሰጡኝ የሚወተፈውን ስፖንጅ ነው፤ እሱን ደግሞ ያኝከዋል።

አባት ከፒያሳ

ፋርማሲ አትድከሚ። የግንባታ መሣሪያ የሚሸጡበት ሱቅ ግቢና ለብረት ቆራጭና ለወፍጮ ሠራተኛ የሚሆነውን፣ በራስ ላይ የሚደረገውን ጠይቂ። ማጥበቂያው እስከ መጨረሻ ድረስ ስለሚጠብ ለስምንት ዓመት ልጅም ሊሆን ይችላል። ደሴ ካጣሽ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎቹ ስላሉ አይጠፋም። ብቻ መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ሲጫወት፣ ለጥቂት ደቂቃ አለማምጂው። ቀኑን ሙሉም አታድርጊለት፤ ዝናቡ ሲጀምር ይበቃዋል።

መምህርት ከኮምቦልቻ

ልክ ነው። ሰኞ ስወጣ እኔ አይልሻለሁ። ልኩን እንዳውቅ የጭንቅላቱን ዙሪያ ለክተሽ ጻፊልኝ።