ዊንዶው 11 ልጫን ስል ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሳም አለ፤ የነገው ፈተና ውስጡ ነው፣ ድረሱልኝ

መምህር ዘማርቆስ፣ ማታ 1፡20
ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ማርቆስ ነኝ። የቤት ኮምፒውተሬን ከዊንዶው 10 ወደ 11 ላሳድግ ብዬ ስጀምር መስፈርቱን አያሟላም አለኝ። ከዚያ አስተካክለን ስናስነሳው ጥቁር ስክሪን ላይ ቡት ዲቫይስ አልተገኘም፣ ሃርድ ዲስክ 3ኤፍ0 የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። የ9ኛ እና የ10ኛ ክፍል የአማርኛ ፈተና ውስጡ አለ። ነገ ጠዋት ለማባዛት መስጠት አለብኝ፣ ሌላ ቦታ ኮፒ የለውም። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ በሉ።

አባ ፎርማት፣ ማታ 1፡23
ፎርማት አድርገው። በፍላሽ አዲስ ዊንዶው ጫንበት፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

መምህር ዘማርቆስ፣ ማታ 1፡24
ወንድሜ፣ ፈተናው ውስጡ ነው እያልኩህ!

የጮቄ ንፋስ፣ ማታ 1፡26
መምህር፣ ተማሪዎችዎ ለየትኛው ታቦት እንደተሳሉ ይጠይቁልን። ስለታቸው ሰምሯል።

ደጀን ማዶ፣ ማታ 1፡29
3ኤፍ0 ካለ ሃርድ ዲስኩ ሞቷል። እኔም ላይ እንዲሁ ብሎ ነው የሞተው። በምትኩ ኤስኤስዲ የሚባለውን አዲሱን ዓይነት ዲስክ ግዛ፣ ዋጋውም ያን ያህል አይደለም።

ምክር አያልቅም፣ ማታ 1፡35
በመጀመሪያ ደረጃ ሰው ማሻሻያ ከመጀመሩ በፊት ፋይሉን ሌላ ቦታ ያስቀምጣል። ይህ የኮምፒውተር ሀሁ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ሕዝባችን የተሰረቀ ዊንዶው ይጭንና ሲበላሽ ድረሱልኝ ይላል። የዊንዶው 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንደሚያበቃ ማይክሮሶፍት ገና ድሮ ተናግሮ ነበር፤ ዊንዶው 11 ከወጣ እኮ ከ2014 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ተኝቶ ከርሞ በፈተና ዋዜማ ማሻሻል ምን የሚሉት ነው? በሦስተኛ ደረጃ አንቲቫይረስ አለዎት ወይ? በአራተኛ ደረጃ...

የጮቄ ንፋስ፣ ማታ 1፡37
አራተኛው ላይ ስትደርስ ቀስቅሱኝ።

ጥገና ዘቡሬ፣ ማታ 1፡41
መምህር፣ ለማንም መልስ ሳይሰጡ እነዚህን ብቻ ይንገሩኝ። ማሽኑ ምንድን ነው? ደግሞም «አስተካክለን» ብለው ያለፉት ነገር አለ። ምኑን ነው ያስተካከላችሁት? ማን ነው የነካው? ሃርድ ዲስኩን ማንም እንዳይፈታው፣ ፎርማትም እንዳታደርጉ።

መምህር ዘማርቆስ፣ ማታ 1፡52
ኤችፒ ፕሮዴስክ 600 ጂ2 ነው፣ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5፣ 6ኛ ጄኔሬሽን፣ ራሙ 8። ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ ዊንዶው 10 ከነገዛሁት ጀምሮ ነበረበት። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ለእረፍት መጥቶ ነው። ዊንዶው 11 ሴኪዩር ቡት ይፈልጋል ብሎ ሲነሳ ኤፍ10 ተጭኖ ገባና ከፈተልኝ። ጽሑፉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ለውጥ ያመጣል እንዴ?

አባ ፎርማት፣ ማታ 1፡54
በዚህ ሁሉ ወሬ መሃል እኮ ፎርማት ተደርጎ አልቆ ነበር።

ጥገና ዘቡሬ፣ ማታ 2፡03
ለውጥ ያመጣል ብቻ ሳይሆን ነገሩ ሁሉ እሱ ነው። ሃርድ ዲስክዎ አልሞተም፣ ፈተናውም አልጠፋም። ልጁንም አይቆጡት።

የሆነው እንዲህ ነው። ያ ዊንዶው 10 ሲጫን በአሮጌው መንገድ ነው የተጫነው፤ ባዮሱ (ዊንዶው ከመከፈቱ በፊት ማሽኑን የሚያስነሳው) ሌጋሲ በሚባለው በድሮው አነሳስ ላይ ሆኖ፣ ዲስኩም ኤምቢአር በሚባለው አከፋፈል ተከፍሎ። ያገለገለ ዴስክቶፕ ሲሸጥ ሻጮቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚጭኑት እንደዚያ ነው፣ እዚህ ቡሬ በየቀኑ አያለሁ። ልጁ ሴኪዩር ቡትን፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሳ ያልታወቀ ነገር እንዳይገባ የሚያግደውን ጥበቃ፣ ሲከፍት በዚያው ምርጫ ሌጋሲው ተዘጋ። አሁን ማሽኑ የሚፈልገው ዩኢኤፍአይ በሚባለው በአዲሱ መንገድ የሚነሳ ዊንዶው ነው፤ ዲስኩ ላይ እንደዚያ ዓይነት ስለሌለ «አልተገኘም» ይላል። ዲስኩ ሞቶም ያው 3ኤፍ0 ነው የሚለው፣ ደጀን ማዶ ያሳሳተህ እሱ ነው።

አሁን ማሽኑን ያጥፉት። ሲያበሩት ወዲያው ኤፍ10ን ደጋግመው ይጫኑ። አድቫንስድ ውስጥ ሴኪዩር ቡት ኮንፊገሬሽን የሚል አለ። እሱን ሲከፍቱ ሌጋሲ ሰፖርትና ሴኪዩር ቡት አንድ ላይ የተጻፉበት ምርጫ ያገኛሉ፤ ሌጋሲ ሰፖርት ኢኔብል፣ ሴኪዩር ቡት ዲስኤብል የሚለውን ይምረጡና ሴቭ አድርገው ይውጡ።

ሲነሳ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አሳይቶ ጻፉ ይላል። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩን ሲጽፉት ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፣ መጻፊያ ሳጥንም የለውም። ዝም ብለው ከፊደሎቹ በላይ ባለው የቁጥር ረድፍ አራቱን ጽፈው ኢንተር ይበሉ። ካልጻፉት ለውጡን ይሰርዘውና ተመልሶ እዚያው 3ኤፍ0 ላይ ይጥልዎታል።

ዊንዶው 10 ከተከፈተ ሌላ ምንም ሳይነኩ ፈተናውን ፍላሽ ላይ ይገልብጡ። ስለ 11 ነገ እንነጋገራለን።

ፔንግዊን ዘባሕር ዳር፣ ማታ 2፡10
ይህ ሁሉ መከራ ለዊንዶው! መምህር፣ በዊንዶው ፈንታ ኡቡንቱ የሚባለውን ሲስተም ይጫኑ። በነፃ ነው፣ ለአሮጌ ማሽን ይስማማል፣ አማርኛም ይጻፍበታል። ከዊንዶው ቫይረስም ይገላገላሉ።

ደጀን ማዶ፣ ማታ 2፡12
ሰውየው ፈተናዬ እያለ አንተ ሃይማኖት ትሰብካለህ።

ፔንግዊን ዘባሕር ዳር፣ ማታ 2፡19
እሺ፣ ስብከቱን ተወው። ግን የቡሬው ያለው ካልሠራ ኡቡንቱን ሳይጭኑም መጠቀም ይቻላል። ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱን በፍላሽ ያዘጋጁ፣ በዚያ ፍላሽ ያስነሱት (ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ነው)፣ ኢንስቶል የሚለውን ሳይሆን ትራይ የሚለውን ይምረጡ። ዲስኩ ላይ ምንም ሳይጻፍ ፋይሎችዎ ይታያሉ፣ በሌላ ፍላሽ ያወጧቸዋል። ዲስኩ በእውነት ሞቶ ከሆነም እዚያው ይታወቃል።

የአዋሽ ማዶ ሰው፣ ማታ 2፡30
እኔ ያልገባኝ ነገር አለ። 6ኛ ጄኔሬሽን ላይ ዊንዶው 11 ማን ጫን አለዎት? 11 የሚቀበላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ዝርዝር በደንቡ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ነው የሚጀምረው። ሴኪዩር ቡት ተከፈተ አልተከፈተ በትክክለኛው መንገድ አይቀበልዎትም ነበር። ልጁ የማያስፈልግ በር ነው የከፈተው።

ምክር አያልቅም፣ ማታ 2፡34
ታዲያ ድጋፉ ባለቀ ዊንዶው 10 ይቀመጥ? የባንክ አካውንት የሚከፍትበት ቢሆንስ?

የአዋሽ ማዶ ሰው፣ ማታ 2፡41
ድጋፉ አለቀ ማለት ማሽኑ በማግስቱ ይዘጋል ማለት አይደለም፤ ይሠራል፣ የደኅንነት ማሻሻያ ግን አይመጣለትም። ለግል ተጠቃሚ ደግሞ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚቆይ ተጨማሪ ማሻሻያ አለ። ሴቲንግ ውስጥ ዊንዶው አፕዴት ላይ ኢንሮል የሚል ምርጫ ከመጣለት ይመዝገብ። ፈተና የሚጻፍበት ኮምፒውተር 11 ሆኖ ምን ይጨምራል? ቃሉ አይረዝም።

አባ ፎርማት፣ ማታ 2፡44
ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሽ ስታዘጋጅ መስፈርቱን የሚያልፍ ምርጫ አለ። 6ኛም ላይ ይጫናል። ፎርማት አድርገህ ነው ታዲያ።

የአዋሽ ማዶ ሰው፣ ማታ 2፡47
ይጫናል፣ አዎ። በኋላ ማሻሻያ ቢቀርበት ግን ተጠያቂ የለም፤ ማይክሮሶፍት ራሱ በማያሟላ ማሽን ላይ ማሻሻያ አልሰጥ ልል እችላለሁ ብሏል። ለእንደ አንተ ያለ ፎርማት ለማያስመርረው ይሆናል፣ ለመምህር ግን አልመክርም።

የጮቄ ንፋስ፣ ማታ 3፡15
መምህር ጠፉ። ወይ ተከፍቶላቸው እየገለበጡ ነው፣ ወይ የእህታቸውን ልጅ እያባረሩ ነው።

መምህር ዘማርቆስ፣ በማግስቱ ጠዋት 2፡25
እባካችሁ አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። ፎቶ ኮፒ ቤት ቆሜ ነው የምጽፈው። ከፍላሹ ፈተናውን ሲከፍቱት ጽሑፉ ሁሉ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ሆነ፤ አንድም አማርኛ የለውም። ቁጥሮቹና ሠንጠረዡ ደህና ናቸው። የነሱ ኮምፒውተር ዊንዶው 11 ነው። ቫይረስ ነው ይላሉ። ስልኬ ላይም ስከፍተው ያው ነው። ትምህርት ቤት 4 ሰዓት ይጠብቁኛል።

የጮቄ ንፋስ፣ ጠዋት 2፡27
ስለቱ እኮ ጠንካራ ነው።

ደጀን ማዶ፣ ጠዋት 2፡28
ዊንዶው 11 አማርኛ ያበላሻል ሲባል ሰምቻለሁ።

የሞጣዋ ጸሐፊ፣ ጠዋት 2፡31
ቫይረስም አይደለም፣ 11ም አላበላሸውም። መምህር፣ ቤት የጻፉት በፓወር ግዕዝ ነው ወይስ በቪዥዋል ግዕዝ? በአሮጌው ፎንት ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። እኔ መሥሪያ ቤት የድሮ ደብዳቤ በከፈትኩ ቁጥር የሚገጥመኝ ነው።

በድሮዎቹ ፎንቶች ሲጻፍ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የፈረንጅ ፊደል ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር እውነተኛውን ሆድቃውን ያሳያል። ጽሑፉ አራት ማዕዘን ሳጥን ቢሆንብዎት ኖሮ ሌላ ነገር ነበር፤ ያኔ እውነተኛውን የአማርኛ ፊደል በሚያስቀምጠው በዩኒኮድ ተጽፎ ፊደሉን የሚያሳይ ፎንት የለም ማለት ነው። የእርስዎ ግን የመጀመሪያው ነው።

ጊዜ ስለሌለዎት ፎንት ፍለጋ አይሂዱ። የእህትዎ ልጅ ቤት አለ? ይደውሉለትና ፈተናውን በቤቱ ኮምፒውተር ይክፈተው፣ በአማርኛ መታየቱን ያረጋግጥ፣ ከዚያ በዎርድ ሴቭ አዝ ብሎ ፒዲኤፍ አድርጎ በቴሌግራም ይላክልዎት። ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ነው የሚመጣው፣ የትም ቢታተም አይለወጥም፣ ገጹም አይፈናቀልም።

ደጀን ማዶ፣ ጠዋት 2፡33
የፎቶ ኮፒው ቤት ፓወር ግዕዝ የለውም? ሁሉም አላቸው እኮ።

የሞጣዋ ጸሐፊ፣ ጠዋት 2፡36
ኮምፒውተር ሲለውጡ ሳይጭኑት ይቀራሉ። ኒያላ በሚባለው የዩኒኮድ ፎንት የተጻፈም ቢሆን አዲስ ማሽን ላይ አንዳንዴ መልኩ ይለወጣል፤ ከዊንዶው 10 ወዲህ ኒያላ ለብቻው የሚጨመር ሆኗል፣ ሴቲንግ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸር ላይ የኢትዮጵያ ተጨማሪ ፎንቶች ከሚለው ጋር ይገኛል። ያኔ ፊደሉ አይጠፋም፣ መስመሩ ግን ይዛነፋል፤ የምርጫ ጥያቄ ከሆነ «ሐ» እና «መ» ወደሚቀጥለው ገጽ ያልፉብዎታል። ለማንኛውም ፒዲኤፍ።

ጥገና ዘቡሬ፣ ጠዋት 2፡50
ፋይሉ ፍላሽ ላይ ካለ ሌጋሲው ሠርቷል ማለት ነው? ወይስ በኡቡንቱ አወጡት? መምህር፣ የትኛው እንደሆነ ቢነግሩን ሌላው ይማርበታል።

ምክር አያልቅም፣ ጠዋት 5፡10
አራተኛው ነጥቤ ማታ ሳይጠናቀቅ ቀርቷል። ዩፒኤስ ነው፤ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው። ሲስተም የሚቀየረው ዩፒኤስ ያለው ሰው ቤት ነው።

አገው ምድር 19፣ ማታ 12፡40
መምህር፣ ምን ደረሰ? እኔም እንጅባራ ላይ ሆኜ እየተከታተልኩ ነው። የእኔ ላፕቶፕ 8ኛ ጄኔሬሽን ነው፣ ቲፒኤሙም (11 የሚጠይቀው የደኅንነት ቺፕ) 2.0 ነው፣ ግን ሲስተም ኢንፎርሜሽን ውስጥ ባዮስ ሞድ የሚለው ሌጋሲ ይላል። እንደ መምህር ሳይሆንብኝ 11 ማስገባት ይቻላል? ፎርማት አልፈልግም።

አባ ፎርማት፣ ማታ 12፡42
ያለ ፎርማት አይቻልም።

ጥገና ዘቡሬ፣ ማታ 12፡58
ይቻላል። ቅደም ተከተሉ ግን እንዳይገለበጥብህ፤ መጀመሪያ ዲስኩ፣ ከዚያ ባዮሱ። መምህር ቤት የሆነው ባዮሱ ቀድሞ ነው።

ዊንዶው 10 ከ2017 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ወዲህ ኤምቢአር2ጂፒቲ የሚባል መሣሪያ አብሮት ይመጣል፤ ፋይል ሳይጠፋ ዲስኩን ከኤምቢአር ዩኢኤፍአይ ወደሚፈልገው ጂፒቲ ወደሚባል አከፋፈል ይለውጣል። ሲኤምዲን፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት፣ በአድሚኒስትሬተር ክፈት። መጀመሪያ ቫሊዴት የሚለውን ትእዛዝ ስጥ፣ እሱ የሚመረምር ብቻ ነው። አልፏል ካለህ ኮንቨርት በል። በሁለቱም ትእዛዝ ጫፍ ላይ ኦላውፉልኦኤስ የሚለውን ጨምር፣ ያለዚያ ከዊንዶው ውስጥ አልሠራም ይልሃል። ዲስኩ ላይ ከሦስት በላይ ፕራይመሪ ፓርቲሽን (ዋና የዲስክ ክፍልፋይ) ካለ ምርመራውን አያልፍም። ኮንቨርት ካለቀ በኋላ ነው ባዮስ ገብተህ ወደ ዩኢኤፍአይ የምትቀይረው፤ ሴኪዩር ቡትንም ያኔ ትከፍታለህ። ቢትሎከር (የዊንዶው የዲስክ መቆለፊያ) ካለህ ሳትጀምር ሰስፔንድ አድርገው፣ ባለ 48 አሃዙንም ቁልፍ ወረቀት ላይ ጻፈው።

ፋይልህን አስቀድመህ ገልብጥ ማለትማ አያስፈልገኝም።

አገው ምድር 19፣ ማታ 1፡06
እግዜር ይስጥልኝ። መብራት ግን እዚህ መምጫው መሄጃው አይታወቅም። መሃል ላይ ቢሄድስ?

ጥገና ዘቡሬ፣ ማታ 1፡09
ላፕቶፕ አይደል? ባትሪው ምን ያህል ይቆይልሃል?

አገው ምድር 19፣ ማታ 1፡11
ባትሪው ሞቷል፤ ከቻርጀሩ ሲነቀል ወዲያው ይጠፋል።

ጥገና ዘቡሬ፣ ማታ 1፡12
እንግዲያስ መጀመሪያ ባትሪ ለውጥ። ወይ ጄኔሬተር ያለው ቦታ ይዘኸው ሂድና ሥራው።